የአባዬ ጥይት ለምን ዝቅ ይላል

ሜይ 3፣ ቅዳሜ

ይህን ደብተር በአማርኛ የምጽፈው ለአገር ፍቅር ብዬ አይደለም። ወንድሜ በአምላክ የማያነበው ነገር ስለሌለ ነው። ስልኬን ያነባል፣ የእማዬን መልእክት ያነባል፣ የኮርንፍሌክስ ካርቶን ጀርባ ሳይቀር ያነባል። ፊደል ግን አይቆጥርም። ከካዛንቺስ ስድስተኛ ክፍል ይዤው የመጣሁት አማርኛ በመጨረሻ ለአንድ ነገር ጠቀመኝ። እዚህ ሰው አገር ደግሞ ኢየር ኢለቨን፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ጥዬ ወጣሁ። እማዬ "ግማሽ ተማሪ" ትለኛለች። "የትኛው ግማሽ?" ስላት በአቅራቢያዋ ያለውን ዕቃ ታነሳለች።

ዛሬ ከአባዬ ጋር ተኩስ ክለብ ሄድኩ። አባዬ ታጣቂ ጥበቃ ነው። ከባንክ ባንክ ገንዘብ በሚያመላልሰው መኪና ላይ ከጋሽ ታዴዎስ ጋር ይሠራል። በየዓመቱ ተኩሶ ማለፍ አለበት፤ የዘንድሮው ፈተና ጁላይ 19 ነው። አምና ለጥቂት ነው የተረፈው። ካላለፈ መሣሪያ አይዝም፣ መሣሪያ ካልያዘ መኪናው ላይ አይወጣም። አባዬ ያለዚያ መኪና ምን እንደሚሆን ማንም ቤታችን ውስጥ ጮክ ብሎ አይናገርም።

የሚለማመድባት ሪቮልቨር ሽጉጥ ክለቡ ካዝና ውስጥ ነው የምትቀመጠው። አፈሙዟ የአውራ ጣቴን ያህላል። "ድንኳ" ብያታለሁ። ሥራ ላይ የሚይዛት እህቷ ኩባንያው ጋ ናት፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው።

ችግሩ ይኸውና፦ አባዬ የተኮሰው ሁሉ ከኢላማው ልብ በታች ያርፋል።

የክለቡ ኃላፊ ኖርም (ሽማግሌ ነው፣ ከኔ በቀር ማንንም አይቆጣም) አስረዳን። በእንግሊዝኛ ነው ያለው፤ በእኔ አማርኛ እንዲህ ነው፦ እንዲህ ባለች አጭር ሽጉጥ ቀላል እርሳስ (ከጥይቱ ተወንጭፎ የሚወጣው) ዝቅ ይላል፣ ከባድ እርሳስ ከፍ ይላል። ከባዱ ከአፈሙዙ እስኪወጣ ስለሚዘገይ ሽጉጧ ረግጣ ቀና ስትል ይዛው ቀና ትላለች።

"ጥይቱ ነዋ!" አለ አባዬ፤ ፊቱ በራ። "ከሱቅ የሚገዛው ቀላል ነው። ራሴ እሞላለሁ፣ ራሴ እመርጣለሁ።"

ኖርም በክለቡ የተሞላ ጥይት ለፈተናውም እንደሚፈቀድ ነገረው። ከምርቃት የበለጠ ደስ አለው።


ሜይ 10፣ ቅዳሜ

ከክለቡ ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለች። ውስጧ እጀታው ወደ ታች የሚሳብ ማሽን፣ ሚዛን፣ የታጠበ አሮጌ ቀለህ በባልዲ። አባዬ ባሩድ ይለካል፤ እኔ እርሳሱን ቀለሁ አፍ ላይ አስቀምጣለሁ፤ እሱ እጀታውን ይስባል። ባሩድ ሲቀዳ ወሬ ክልክል ነው። ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ኖርም ማስታወቂያውን በጣቱ እየነካ አሳየኝ። አባዬ ቅዳሴ ላይ እንደቆመ ሰው ጸጥ አለ። እኔ በአፍንጫዬ ዘፈንኩ። በአፍንጫ አትዝፈኑ የሚል አልተጻፈም።

ተኮሰ። ዝቅ።

"አባዬ፣ ሌባው እየዳኸ ነው እንዴ የሚመጣው?"

"ዝም በይ አንቺ።"

"አይ፣ ጉልበቱን ብቻ ነው የምትመታው ብዬ። ይቅርታ እየጠየቀህ ይሆናል።"

ኖርም ምን እንዳልኩ ጠየቀኝ፤ ተረጎምኩለት፤ ሳቀ። አባዬ አልሳቀም። ድሮ ይስቅ ነበር። ዘንድሮ ፊቱ የታሸገ ፖስታ ነው።


ሜይ 14

ረፍዶብኛል። የምሠራበት የዶሮ ጥብስ ቤት ሺፍቴ አሥር ሰዓት ነው፤ ሬስኮርስ ሮድ ላይ ትራሙ ደግሞ ቆሟል። አባዬ ዛሬ የሸሚዝ ቁልፍ ሲቆልፍ ቆሜ ጠበቅኩት። "ሙሽራው፣ ሚዜዎቹ ውጭ እየጠበቁ ነው" አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። የመጨረሻዎቹን እማዬ ቆለፈችለት። ምንም ሳትናገር። እማዬ ደግሞ ምንም ሳትናገር ምንም ነገር ሠርታ አታውቅም።


ሜይ 17፣ ቅዳሜ

ከባድ እርሳስ ሞላን። ኖርም አስጠንቅቆ ነበር፦ አፈሙዙ አጭር ስለሆነ ባሩዱ ውስጥ ነዶ አያልቅም፣ ቀሪው ውጭ ይነዳል። እውነቱን ነው። ድው ስትል ፊት ለፊታችን የእሳት ኳስ ወጣ። "የመስቀል ደመራ!" ብዬ ጮህኩ። አጠገባችን የነበረ ሰውዬ ቡናውን ደፋ።

ቀዳዳዎቹን አየን። ዝቅ።

"ትንሽ ወጥቷል" አለ አባዬ።

"በጉንዳን እርምጃ።"

"ወጥቷል አልኩሽ! የባሩዱ ዓይነት ነው አሁን የቀረው። ቶሎ የሚነድ ነው የሚያስፈልገው።"

ስንመለስ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ብሎካችን ከኋላው ሄድኩ። ቀኝ እጁ አይወዛወዝም። ግራው ይሄዳል ይመጣል፣ ቀኙ ተሰቅሏል። "አንዱ እጅህ ሥራ አቁሟል፣ የሠራተኛ ማኅበር ገባ እንዴ?" አልኩት። ነገ ለበአምላክ አካሄዱን እየሠራሁ አሳየዋለሁ። ደርሼበታለሁ፤ አንድ ናቸው ትላላችሁ።


ሜይ 25፣ እሑድ

ሦስተኛው ዓይነት ትናንት። ዝቅ። አራተኛውን ለቅዳሜ ሞልቶ ካርቶኑ ላይ ምን ዓይነት እንደሆነ ጻፈ። ፊደሉ! መጀመሪያው ላይ እንደ ሰው ጽፎ ወደ መጨረሻው ጭራሽ ትንኝ ሆነ። "ለማን ነው የጻፍከው፣ ለቁንጫ?" አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ እማዬ ሽንኩርት ጥዳ ወደ ጎረቤት ብቅ አለች። አባዬ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ዜና ያያል። እኔ መኝታ ቤት ሆኜ እርሩ ሸተተኝ። ሮጬ ስመጣ ድስቱ ከሰል ሆኗል፣ እሱ ቁጭ።

"አይሸትህም?"

"ምኑ?"

"አፍንጫህን ባሩድ በላው!"

እማዬ ተመልሳ ስነግራት እየሳቅኩ ነበር። ማንተግቦሽ የምትባለዋ እናቴ፣ በሰው እርር ላይ ቀልድ ካገኘች ለሳምንት የማትለቅ ሴት፣ ድስቱን ውሃ ውስጥ ነከረችና "ሂጂ ክፍልሽን ጥረጊ" አለችኝ።


ሜይ 31፣ ቅዳሜ

ሠራሁት።

ኖርም ጀማሪ የሚያስተምርባቸው የውሸት ጥይቶች አሉት። እርሳስ አላቸው፣ ባሩድ የላቸውም። እንዳይምታቱ ታቻቸው ቀይ ተቀብቷል። ባለፈው ሳምንት አንዷን ኪሴ ከተትኩ። ሐሙስ ዕለት በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ቀይዋን አጠብኩ። ዛሬ ከአባዬ ካርቶን አንድ እውነተኛ አውጥቼ እሷን ተካሁ። ሐሳቤ እንዲህ ነበር፦ ቀጭ ትላለች፣ አባዬ ይደነግጣል፣ እኔ "ይቺኛዋስ ከፍ አለች ወይስ ዝቅ?" እለዋለሁ። በቃ። ይቺው ነበረች።

ጋሽ ታዴዎስም ለራሱ ልምምድ መጥቶ ነበር። ከኋላችን ቆሞ ያያል።

አንድ ተኮሰ። ሁለት። ሦስተኛዋ፦ ቀጭ።

ድምፅ የለም፣ እሳት የለም። የአባዬ እጅ ግን ወደ መሬት ወረደ። ምንም ሳይተኮስ! ሁላችንም አየን። ጥይቱ ሳይሆን እጁ ነው ዝቅ የሚለው። ስንት ዓይነት እርሳስ፣ ስንት ዓይነት ባሩድ፣ ለካ ነገሩ እዚያ አልነበረም።

አፌ ቀደመኝ።

"አባዬ ፈራ! ጥበቃው ከራሱ ሽጉጥ ፈራ!"

ጋሽ ታዴዎስ ሳቁን ሊውጥ ሞከረና ትን አለው። "ውይ ጋሼ ካሣዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ልጅቷ ናት እኮ..."

አባዬ ሽጉጧን ከፍቶ ጥይቶቹን አወጣ። አንድ በአንድ። ካርቶኑን ዘጋ። ኖርም እኔን ሳይቆጣ እንደዚያ አፍጥጦ ሲያየኝ የመጀመሪያው ነው። ስለሰረቅኳት የውሸት ጥይት መሰለኝ፤ ጥይቷን መለስኩለት። አሁንም እንደዚያው አየኝ።


ጁን 1

አያናግረኝም። ጨው ሲፈልግ በአምላክን ነው የሚጠይቀው፤ ጨው ፊቴ እያለ።


ጁን 7፣ ቅዳሜ

አባዬ ክለቡ ብቻውን ሄደ፤ እኔ በባቡርና በእግር ተከተልኩት። ውጭ ቆሜ ሳለሁ ኖርም መጣ።

"አባዬ ምን እንደሆነ ትነግረኛለህ ወይስ ትቆጣኛለህ?" አልኩት።

"ሁለቱንም" አለ። "መጀመሪያ፣ ማንም ሰው ጥይት ውስጥ ዳግመኛ እጅሽን ብታስገቢ ከዚህ በር አታልፊም። ሁለተኛ፣ አባትሽ አልፈራም።"

"ሁላችንም አይተነዋል።"

"የፈራ እጅ ቶሎ ነው የሚወርደው፣ እንደ ብልጭታ። ያባትሽ ቀስ ብሎ ነው የወረደው። የዚህች ሽጉጥ ምላጭ ሲሳብ ከባድ ነው፤ ጣቱ ብቻውን መሳብ አቅቶት መላ እጁ ሊያግዘው ይመጣል። ሲመጣ ይጎትታታል። የቱም ጥይት ይህን አያስተካክልም። ሐኪም ይየው።"

ከዚያ፦ "ወንድሜ እንዲህ ነበር የጀመረው። እጁ ሲሄድ አይወዛወዝም ነበር" አለ።

አሁን ሁሉም ተኝቷል። በአምላክ ያንኮራፋል። የሸሚዙን ቁልፍ እኔ አየሁ። የተሰቀለውን እጅ እኔ አየሁ፣ እንዲያውም በየክፍሉ እየዞርኩ ሠርቼ አሳየሁ፣ በአምላክ ከሶፋ እስኪወድቅ ሳቀ። የትንኝ ፊደሉን እኔ። እርሩን እኔ። ከቤቱ ሰው ሁሉ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ። ዓይን አለኝ ማለት ነው። ዓይን ኖሮኝ ምን አደረግኩበት? ሙድ ያዝኩበት።

እማዬም አይታለች። ለዚህ ነው ያልሳቀችው። ለምን አልነገረችኝም? ብትነግረኝስ በምን ቀልድ እመልስላት ነበር፤ አሁን እንኳ ሁለት ሦስት መጣልኝ። አልጽፋቸውም።


ጁን 15፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን። ከቅዳሴ በኋላ ጫማ እያሰርኩ ጎንበስ ብዬ ሳለ ከበላዬ ሁለት ሴቶች፦

"ካሣዬ እኮ ከራሱ ሽጉጥ ፈራ አሉ።"

"እንዴ! ይሄ ሰውዬ ነው ታዲያ የባንክ ብር የሚጠብቀው?"

ቃሉ ሳይቀር የኔ ነው። ቃል በቃል። ጋሽ ታዴዎስ ለአንድ ሰው አውርቶ ይሆናል፣ ያ ሰው ለሚስቱ፣ እሷ ለዚህች። ቀና ስል እማዬ ከበሩ ጋ ቆማለች። ሰምታለች። ነጠላዋን አስተካከለችና "ነይ እንሂድ" አለች። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።


ጁን 18

ለአባዬ ጂፒ፣ የሰፈራችን ሐኪም ጋ ቀጠሮ ቡክ አደረግሁ። እምቢ አለ። የራሱ መኪና በር ላይ ነው ያገኘሁት፣ ሺፍት ሊሄድ፦

"ከፈተናው በኋላ።"

"ኖርም አሁኑኑ..."

"ሰዉ የሚለውን ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ።"

"እሱን ይዤ ሐኪም ቤት አልሄድም። መጀመሪያ እተኩሳለሁ።"

ይቅርታ ልለው አፌን ከፈትኩ። የመኪናውን በር ዘጋ። ቀስ ብሎ፤ ሳያስጮኸው።


ጁን 21፣ ቅዳሜ

ይህን ለመጻፍ ቸኩያለሁ፣ እጄ ራሱ ይንቀጠቀጣል (ይቺን ቀልድ አልሰረዝኳትም፣ ሳላስብ ነው የወጣች)።

አብሬው እንድሄድ ፈቀደ። ባሩዱን ሲለካ ድምፄን አላሰማሁም፣ በአፍንጫዬም ቢሆን። ከዚያ ነገርኩት፦ የኖርም መደርደሪያ ላይ ጫፏ ሹል ያልሆነች፣ እንደ ቆርኪ ደልደል ያለች እርሳስ አለች። ቀለሁ ውስጥ ሙሉ ለሙሉ ትሰምጣለች፣ ባሩዷ ጥቂት ነው፣ አትረግጥም። የሚጠቀሙባት አዛውንቶችና ለወረቀት ኢላማ ብቻ የሚተኩሱ ናቸው፤ ስለዚህ አባዬ ዞር ብሎ እንኳ አላያትም።

"ከሽጉጧ ኋላ ያለውን ቃታ ደግሞ መጀመሪያ በአውራ ጣትህ ወደ ኋላ ሳበው" አልኩት። "ያኔ ምላጩ ይቀላል። ጣትህ ብቻውን ይበቃዋል።"

"እሱ ይፈቀዳል?"

ኖርም ትከሻውን ነቀነቀ። "ደንቡ ውስጥ አይፈቀድም የሚል የለም።" ደስ ያለው ግን አይመስልም።

ተኮሰ። አምስቱም ልቡ ላይ! ክብ ክብ፣ በቢሮ ወረቀት መብሻ የተበሳ ይመስላል። ጮህኩ፣ ዘለልኩ፣ ኖርምን አቀፍኩት። አባዬ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

ጥይቷን አገኘናት። ያልፋል።

እቤት ስንደርስ ነው የገባኝ። ያልፋል።

አልፎ መኪናው ላይ ይወጣል። እዚያ ላይ የሚመጣ ሰው አባዬ ቃታውን በአውራ ጣቱ እስኪስብ አይጠብቀውም። ጎኑ ደግሞ ጋሽ ታዴዎስ አለ። የጋሽ ታዴዎስ ሴት ልጅ ወንጌላዊት ገና ስድስት ዓመቷ ነው።


ጁላይ 2

ለፈተናው የሞላነው ካርቶን ክለቡ ነው ያለው። ዛሬ ኖርም በሩን ከፍቶልኝ ስልክ ሊያነሳ ሄደ። አጠገቡ የከባዱ እርሳስ ካርቶን አለ፤ የሁለቱን መክደኛ ብቻ ባለዋውጥ በቃ። ከባድ እርሳስ ያላቸው ጥይቶች ደልዳላዎቹን መስለው ይጠብቁት ነበር። ይወድቃል፤ ከወደቀ ይተርፋል። ማንም አያውቅም።

መክደኛውን ያዝኩት። ዕድሜዬን ሙሉ የማይረባ ተንኮል ስሠራ ኖሬ አንድ የሚጠቅም ሲገኝ እጄ እምቢ አለ። ማንም ሰው ጥይት ውስጥ እጅሽን አታስገቢ ተብያለሁ። ደግሞ አባዬ ሰዉ ፊት በኔ ምክንያት ሁለተኛ መዋረድ የለበትም።

ካርቶኑን መልሼ ወጣሁ።


ጁላይ 6፣ እሑድ

ፊት ለፊት ነገርኩት። እማዬ ዕቃ እያጠበች ነበር፤ ውሃውን ዘጋች፣ ለመስማት።

"እለፍ" አልኩት። "ደስ ይበልህ፣ እለፍ። ግን መኪናው ላይ አትውጣ። ያን ቃል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ውሸት ነበር፤ አልፈራህም። አሁን ግን እኔ ፈራሁ።"

ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እንደ ትንሽ ዶሮ ይለቅማል። በግራው ያዘው።

"ሂዊ፣ አንቺን የማምንሽ ስትቀልጂ ነው" አለኝ። "እንዲህ ስትሆኚ ታስደነግጪኛለሽ።"

መልስ ነው ይሄ? እማዬን አየኋት። ውሃውን መልሳ ከፈተች።


ጁላይ 19፣ ቅዳሜ

አለፈ።

ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ፈታኟ ወፍራም ጃኬት የለበሰች፣ የማትስቅ ሴት ናት። ጋሽ ታዴዎስ ቀድሞ ተኩሶ አልፏል፤ ቆሞ ይጠብቃል። አባዬ ቃታውን ይስባል፣ ይተነፍሳል፣ ይተኩሳል። ይስባል፣ ይተነፍሳል። ከአምናው በለጠ። ፈታኟ ፈረመች፣ ጋሽ ታዴዎስ አጨበጨበ።

"ጋሼ! አሳዩአቸው እኮ!"

"ታዴዎስ" አለው አባዬ፣ "ከሰኞ ጀምሮ ከሌላ ሰው ጋር ነህ። ለአለቃችን ሐሙስ ነግሬዋለሁ። ያለ መሣሪያ ቢሮ ውስጥ ካሜራ የማየት ሥራ አለ፣ እሱን እሠራለሁ።"

"እንዴ! አልፈው እኮ ነው!"

"ወድቄ ብተው ፈርቶ ተወ ትሉኛላችሁ። ስለዚህ አልፌ ተውኩ።" ከዚያ ቀኝ እጁን አነሳና አሳየው። "ይኸው። ይሄን ይዤ አጠገብህ አልቀመጥም። አሁን ደግሞ ያን ጊዜ ላወራህላቸው ሁሉ ይሄንንም አውራ።"

ጋሽ ታዴዎስ ጎንበስ ብሎ እጁን ሳመው። እኔ ጣሪያውን አየሁ፣ ቆርቆሮ ነው፣ ምንም አዲስ ነገር የለውም።

ሐሙስ! እኔ ሌሊቱን ሁሉ ስገላበጥ እሱ ሐሙስ ጨርሶታል።

"ጥይት ተርፏል" አለ አባዬ ወደ እኔ ዞሮ። "ነይ፣ አንቺ አዋቂ። አንድ ጊዜ እንኳ ተኩሰሽ አታውቂም።"

ኖርም መነጽርና የጆሮ መሸፈኛ አጠለቀልኝ፣ ጎኔ ቆመ። አባዬ ራሱ ሞልቶ ሰጠኝ። ድንኳ ስትያዝ እንዲህ ትከብዳለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። እጄን ዘረጋሁ። ምላጩን ሳብኩ።

ቀጭ።

ዓይኔ ተጨፍኗል፣ ትከሻዬ ጆሮዬ ጋ ደርሷል፣ አፈሙዙ መሬት ሊስም ነው።

"ፈራች!" አለ አባዬ። "ሂዊ ከባዶ ጥይት ፈራች!"

ሳቀ። ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ፣ ጋሽ ታዴዎስ ሳቀ፣ ኖርም አማርኛ ሳይገባው ሳቀ፣ ያቺ ፈታኝ እንኳ ጥርሷ ታየ። ከኖርም ለምኖ ያመጣት የውሸት ጥይት ናት። ያቺው የኔዋ፣ ቀለሟን ያጠብኳት።

"አሁን እኩል ነን" አለኝ።


ጁላይ 24፣ ሐሙስ

ጂፒው በአስቸኳይ የላከን ስፔሻሊስት ሐኪም ጋ እኔ፣ እማዬ፣ አባዬ። አስኬደው፣ ጣቱን አስነካካው፣ ዓረፍተ ነገር አስጻፈው። ፓርኪንሰን ነው አለ። መድኃኒት አለው፤ አያድነውም፣ ያግዘዋል። ከመቼ ጀምሮ ሽታ እንደጠፋበት ሲጠይቀን ሦስታችንም "ሽንኩርቱ" አልን በአንድ ድምፅ። ዶክተሩ ምን እንደሆነ አልገባውም፣ እማዬ ስታስረዳው መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ ግማሽ ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠባትና አባዬ መሐረብ አቀበላት። በግራ እጁ።

ማታ ለሺፍት ልወጣ ጫማዬ ውስጥ እግሬን ሳስገባ አንድ ነገር ወጋኝ። የውሸቷ ጥይት። ታቿ ተመልሶ ቀይ ተቀብቷል፣ በእኔው የጥፍር ቀለም፤ ያ ውዱ፣ ማንም እንዳይነካው ያልኩት። ቀለሙ ዳር ዳሩን ፈስሶ፣ ጎኗ ላይ ተዝረክርኮ፣ ጫፏ ድረስ ደርሷል። አንዲት ትንሽ ክብ ለመቀባት አባዬ ስንት ጊዜ እንደሞከረ ይታያል።

ማስለቀቂያው መሳቢያዬ ውስጥ አለ። አልነካሁትም። እንዳለች፣ ከነዝርክርኳ፣ ቁልፌ ላይ አንጠለጠልኳት።